ፊታችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?

«ፊት ሰጠው» ሲባል በአማርኛችን ምስጋና አይደለም። ልጁ ያስቸገረው አባት፣ በጸሐፊው የተናቀ አለቃ «ራሱ ፊት ሰጥቶ ነው» እየተባለ ይታማል። በዛሬው ጊዜ ግን በከተማችን ፊት መስጠት ሌላ ትርጉም አግኝቷል። ሰው ደመወዙን ቆጥሮ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ግንባሩን ለመርፌ ይሰጣል። መርፌውም የፊትን መጨማደድ የሚያለሰልሰው፣ በንግድ ስሙ «ቦቶክስ» እየተባለ በሁሉ አፍ የሚጠራው ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላነሣ የፈለግሁት ጥያቄ «መወጋት ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚለው አይደለም፤ እሱን እያንዳንዱ ሰው ከመስተዋቱና ከኪሱ ጋር ይማከርበት። የእኔ ጥያቄ «ፊታችሁን የምትሰጡት ለማን ነው?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገር ነው። ዕድሜዋ 27 ዓመት ነው። ሥራ ላይ ስታተኩር በቅንድቦቿ መካከል ሁለት መስመሮች ይሠሩባታል፤ አለቃችንም ባዩዋት ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ማን አስቀየመሽ?» ይሏታል። ነገሩ ሰለቻትና በቴሌግራም ማስታወቂያ ያገኘችው አንድ የውበት ሳሎን ሄዳ ተወጋች። በሳምንቱ ጥቁር መነጽር አድርጋ ቢሮ መጣች። «ዓይኔን አሞኝ ነው» አለች፤ እኛም አመንናት። መነጽሩ ሳምንት አልፎት ሁለተኛውን ሲይዝ ግን እውነቱን ነገረችኝ። የቀኝ ዓይኗ ቆብ ገመዱ እንደ ተበጠሰ መጋረጃ ወርዶ ነበር። ፋይል ለማንበብ አንገቷን ወደ ኋላ ማዘንበል ነበረባት።

የወጋቻት ሴት ስልክ በመጀመሪያው ቀን ተነሣ፤ «አይዞሽ፣ ይለቅሻል» አለች። በሁለተኛው ቀን ስልኩ ጠርቶ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ተዘጋ። በዚያው ወር ባልደረባዬ ለውጭ አገር ትምህርት የቃል ፈተና ቀጠሮ ነበራት። ወራት ሙሉ የተዘጋጀችበትን ፈተና በጥቁር መነጽር ገብታ ተፈተነች። ፈታኞቹ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ እርሷ ግን ከጥያቄው ይልቅ መነጽሯን ስታስብ እንደ ዋለች ነግራኛለች። ዕድሉንም አላገኘችውም። ቆቡ በሁለት ወር ገደማ ተመልሶ ተነሣ፤ ያ ቀን ግን አልተመለሰም።

ይህን ስል ማጌጥን እንደ ነውር ቆጥሬ አይደለም። አያቶቻችን ዓይናቸውን ይኳሉ፣ እጃቸውን በእንሶስላ ያቀሉ፣ ድዳቸውንና አንገታቸውን ይነቀሱ ነበር። ንቅሳትም በሹል ነገር የሚሠራ ነው፤ ያምማልም። ነገር ግን ነቃሿ ማን እንደ ሆነች መንደሩ ያውቃታል። ማንን እንዳሳመረች፣ ማንን እንዳበላሸች በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይነገራል። ያበላሸችውም አንገት በየበዓሉ ፊት ለፊት ይመጣባታል። ከተማ ይህን ዋስትና ነሥቶናል። በከተማ እጅን ቤት ይሸፍነዋል። ብርሃኑን፣ ሶፋውንና ሥዕሉን እናያለን እንጂ የሚወጋንን እጅ አናውቀውም። ስለዚህ መንደሩ በነጻ ያደርግልን የነበረውን ምርመራ በከተማ ራሳችን ማድረግ ግድ ሆኖብናል።

ለመመርመር ደግሞ አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው ከውበት ሳይሆን ከመርዝ ነው። በ1820ዎቹ ጁስቲኑስ ኬርነር የሚባል ሐኪምና ባለቅኔ በጀርመን አገር የተበላሸ ቋሊማ በልተው የሚሞቱትን ሰዎች ነገር ይመረምር ነበር። በመጠኑ ቢሰጥ መርዙ አንድ ቀን መድኃኒት ሊሆን እንደሚችልም ገምቶ ጻፈ። በታኅሣሥ ወር 1895 ደግሞ በቤልጅግ አገር ኤልዜል በምትባል መንደር በቀብር ላይ ሙዚቃ ያሰሙ ሰዎች የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፤ 3ቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርመንገም የሚባሉት ሊቅ ሥጋውን መርምረው መርዙን የሚያመነጨውን ረቂቅ ተሕዋስ አገኙት። ስሙም «ቦቱለስ» ከሚለው የላቲን ቃል ወጣለት፤ ቋሊማ ማለት ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ አላን ስኮት የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም ይህንኑ መርዝ እጅግ በጥቂቱ ለሸውራራ ዓይን ሕክምና ሞከሩት። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት ለሸውራራነትና ሳይፈልጉት ለሚጨፈን የዓይን ቆብ መድኃኒት እንዲሆን ፈቀደ። በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ የሚኖሩ ጂን ካራዘርስ የሚባሉ የዓይን ሐኪም ደግሞ ለዓይናቸው የሚወጉ በሽተኞቻቸው የግንባራቸው መስመር እየጠፋ መሄዱን አስተዋሉ። ባለቤታቸው አላስተር የቆዳ ሐኪም ነበሩና ሁለቱ ተባብረው ሥራውን አጥንተው በ1992 አሳተሙ። በ2002 አሜሪካ በቅንድብ መካከል ለሚታየው መስመር እንዲሰጥ ፈቀደች። እንግዲህ ይህ መርፌ የቅባትና የሽቶ ዘመድ ሳይሆን የሐኪም ቤት ልጅ ነው።

አሠራሩን ለመሥሪያ ቤት ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ግንባራችንን የምንቋጥረው ነርቭ ለጡንቻ «ተኮማተር» የሚል ትእዛዝ ስለሚልክ ነው። መድኃኒቱ ትእዛዙን ከመዝገብ ቤት እንዳይወጣ ያግደዋል። ደብዳቤው ተፈርሟል፤ ግን ወጪ አልተደረገም። ጡንቻውም ትእዛዝ ስላልደረሰው አርፎ ይቀመጣል፤ በላዩ ያለው ቆዳም ይለሰልሳል። ለውጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታየት ጀምሮ በሁለት ሳምንት ገደማ ይሞላል። ነርቩ መንገዱን ሲያድስ፣ ይኸውም በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ፣ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ይህ ነገር ኪራይ እንጂ ግዥ አይደለም። በወር ደመወዝ የሚኖር ወጣት ሒሳቡን ሲያሰላ አንዱን ጊዜ በዓመት በሦስትና በአራት ያባዛው።

የመድኃኒቱ መጠን «ዩኒት» በሚባል ልክ ይቆጠራል። ለቅንድብ መካከል ቦቶክስ የሚሰጠው በጠቅላላው 20 ዩኒት ሲሆን እሱም በአምስት ቦታ ተከፍሎ ነው። የአንድ ቦታ ድርሻ የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ዐሥረኛ ብቻ ነው። ከቅንድብ በላይ የሚወጋው መርፌም ከዓይን ጉድጓድ በላይ ካለው የአጥንት ጠርዝ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ዝቅ ካለ ወይም ከበዛ መድኃኒቱ የዓይንን ቆብ ወደሚያነሣው ጡንቻ ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቆቡ ይወድቃል። ባልደረባዬን ያገኛት ይህ ነበር። በአማረ ግንባርና በወደቀ ቆብ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የባልደረባዬን ነገር ገና ሳልረሳው አክስቴ አስጠሩኝ። አክስቴ 51 ዓመታቸው ነው፤ ሴት ልጃቸውን ለመዳር ሽር ጉድ ላይ ነበሩ።

«ስማ» አሉኝ፤ «በሠርጉ ፎቶግራፍ ላይ የተቆጣሁ መስዬ መታየት አልፈልግም። ይህን መርፌ የሚወጋ ጥሩ ቤት ፈልግልኝ። አንተ ተምረሃል፤ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍም ታነብልኛለህ።»

«እትዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» ብላቸው፣ «ሐኪም አላልሁህም፤ ጠያቂ ሁነኝ ነው ያልሁህ» አሉኝ። የአክስት ትእዛዝ ነውና ቅዳሜ ጠዋት ተያይዘን ወጣን።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት ጎረቤት የጠቆማቸው የውበት ሳሎን ነበር። ፀጉር ማድረቂያው ይጮኻል፣ ቡና ይፈላል፣ ሰው ይሳሳቃል። «ሐኪሟ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች» ተባልን። መጣችም። ብልቃጡን ከእጅ ቦርሳዋ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ አወጣችው። ካርቶን የለውም። «ከዱባይ በሰው የመጣ ነው፤ እዚህ አገር አይገኝም» ብላ እንደ ትልቅ ምስጋና ነገረችን። የተሠራበትን ተራ ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ለማንበብ እጄን ብዘረጋ ብልቃጡን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ «ወንድም፣ የምትወጋው አንተ ነህ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አፈርሁ። አክስቴ ግን አላፈሩም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲያስ ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ። በመንገድ ላይ፣ «መድኃኒት የሚደበቅ ከሆነ አንድ ነገር አለው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብልቃጡ የሚይዘው ዱቄት ነው ለማለት የሚያስቸግር ስስ ነገር ነው፤ ሐኪሙ በንጹሕ የጨው ውሃ ያሟሟዋል። ቦቶክስ ያልተከፈተ ሲሆን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከተሟሟ በኋላም በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዱባይ እስከ አዲስ አበባ በሻንጣ፣ ከዚያም በእጅ ቦርሳ የተጓዘ ብልቃጥ ይህን ሥርዓት ስለ መጠበቁ ማን ይመሰክራል?

«ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው ቃል ልባችንን ስለሚያሸንፈው ውጭ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። በ2024 በአሜሪካ በ11 ክፍለ ግዛቶች 22 ሴቶች እንዲህ ያለ መርፌ ከተወጉ በኋላ መታመማቸው ተገለጸ፤ 11ዱ ሆስፒታል ገቡ። የተወጉት ፈቃድ በሌላቸው ወይም ባልሠለጠኑ ሰዎች፣ አለዚያም እንደ መኖሪያ ቤትና የውበት ቤት ባሉ ሐኪም ቤት ባልሆኑ ቦታዎች ነበር። የአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ሐሰተኛ ቦቶክስ መገኘቱን አስታወቀ። አንዱ ምልክቱ ካርቶኑ ላይ 150 ዩኒት የሚል መጻፉ ነበር፤ እውነተኛው ፋብሪካ እንዲህ ያለ ልክ አይሠራም። በእንግሊዝ አገርም በ2025 ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ለውበት የተወጉ 38 ሰዎች መርዙ በሰውነታቸው ተሠራጭቶባቸው መታመማቸውን መንግሥት ተናገረ። ቆየት ባለው ዘመን፣ በ2004፣ በፍሎሪዳ አንድ ፈቃዱ የታገደ ሐኪም ለሰው እንዳይሰጥ ተጽፎበት ለምርምር ብቻ የተሸጠውን መርዝ ለራሱና ለሌሎች ሦስት ሰዎች ወጋ፤ አራቱም በጽኑ ታመሙ። ዋሽንግተንና ለንደን ያሉት ዘመዶቻችንም የሚኖሩት በዚሁ ገበያ መካከል ነው። ከዚያ የተላከ ሁሉ ተመርምሮ የተላከ አይምሰለን።

ሁለተኛው ቤት በቦሌ በኩል በአንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ነበር። ወለሉ እብነ በረድ ነው፤ ወንበሩ ያስተኛል። በሰፊ ቴሌቪዥን የሴቶች ፊት «በፊት» እና «በኋላ» እየተባለ ይታያል። አንዲት ትሑት ልጅ ሻይ አቀረበችልንና ዋጋውን ነገረችን። ሁለት ጓደኛ ይዞ ለሚመጣ ቅናሽ አለ፤ ዛሬውኑ ለሚወጋ ደግሞ ሌላ ቅናሽ ይጨመራል።

«ስንት ዩኒት ነው የሚሰጡት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኛ በቦታ ነው የምንሸጠው» አለች፤ «ግንባር አንድ ቦታ ነው።»

«የሚወጋውስ ማን ነው?»

«ባለሙያችን።»

በግድግዳው ላይ የአንድ የቆዳ ሐኪም ፈቃድ በወርቅ ቀለም ፍሬም ተሰቅሏል። «እሳቸው ናቸው?» አልኋት። ልጅቱ ትንሽ ካሰበች በኋላ፣ «እሳቸው ዛሬ የሉም፤ አንዳንድ ጊዜ ይመጣሉ» አለች። እንግዲህ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ውሎ ያድራል፤ ባለፈቃዱ ግን የለም። ግንባርን የሚወጋው ደግሞ ፍሬሙ አይደለም።

አክስቴ በዚህ ቤት ልባቸው ደንግጦ ሳይሆን ተማርኮ ነበር። «እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው!» ይላሉ። ንጽሕናው እውነት ነው፤ እኔም አልካድሁም። ነገር ግን በግማሽ ሰዓት ቆይታችን አንድ ሰው እንኳ «እትዬ፣ ምን ሕመም አለብዎ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። የጠየቁን በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በባንክ የምትከፍሉት ብለው ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው አክስቴ ሻዩን አስቀመጡና ተነሡ።

ሦስተኛው ቤት የውጭው ቀለም የተላላጠ፣ በሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ የቆዳ ክሊኒክ ነው። ሥዕል የለውም። ተራ ይዘው የተቀመጡት ቋቁቻና ችፌ ያለባቸው ሰዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ናቸው። አክስቴ ዙሪያውን ተመልክተው፣ «ውበት ፍለጋ ወጥተን በሽተኛ መካከል አስቀመጥኸኝ» አሉኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሐኪሙ የቆዳ ሕክምና የተማሩት በአለርት ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ፣ የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ቦታ ነው። በሥጋ ደዌ ነርቭ የተጎዳ ፊትን ሲያክም የኖረ እጅ የትኛው ነርቭ የት እንዳለ ያውቃል።

ሐኪሙ አክስቴን ሃያ ደቂቃ ያህል ጠየቋቸው። ጡንቻ የሚያደክም የነርቭ ሕመም አለብዎ? የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎ ያውቃል? ከዚህ በፊት ተወግተዋል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? አክስቴ ለልባቸው በየቀኑ አስፕሪን እንደሚወስዱ ተናገሩ። ከዚያ ሐኪሙ «ይቆጡ እስቲ» አሏቸው፤ ተቆጡ። «አሁን ያርፉ» አሏቸው፤ አረፉ። የግንባራቸው መስመር ሲያርፉም አልጠፋም። ካርቶኑን አሳዩን፤ ማቀዝቀዣውንም ከነሙቀት መለኪያው ከፍተው አሳዩን። «መብራት ሲጠፋስ?» ብላቸው፣ ደረጃው ሥር ያለውን ጄኔሬተር በመስኮት ጠቆሙኝ።

«ሠርጉ መቼ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የዛሬ ዐሥር ቀን።»

«እንግዲያስ አልወጋዎትም» አሉ ሐኪሙ።

አክስቴ እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አላየሁም፤ መስመሩ ሁሉ ወጣ። ሐኪሙ ግን በትዕግሥት አስረዷቸው። «አስፕሪን ስለሚወስዱ መርፌው ያረፈበት ሊበልዝ ይችላል። ይህን ፈርተው ግን ሐኪምዎ ሳያዝዝ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ ልብዎ ከግንባርዎ ይበልጣል። ሥራው የሚሞላው በሁለት ሳምንት ነው። አንዱ ቅንድብ ከፍ ቢል ማስተካከያ ቀን የለንም። ደግሞም የእርስዎ መስመር የቆየ ነው፤ ይለሰልሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ይህን አውቀው ከፈለጉ ከሠርጉ በኋላ ይምጡ።» የተቀበሉን የካርድና የምርመራ ዋጋ ብቻ ነው። ደረጃውን ስንወርድ አክስቴ፣ «ገንዘብ ይዤ ሄጄ እምቢ ያለኝ ነጋዴ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። «እትዬ፣ ነጋዴ ስላልሆኑ ነው» አልኋቸው።

በዚያች ቅዳሜ የተማርሁትን በአጭሩ ላስቀምጠው። ክሊኒክ ለመምረጥ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ጥያቄዎቹን ይምረጥ፤ ጥያቄዎቹም ስድስት ናቸው።

አንደኛ፦ የሚወጋኝ ማን ነው? ስሙን፣ ሙያውንና የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ። ግድግዳው ላይ ያለው ስምና መርፌውን የያዘው ሰው አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ሁለተኛ፦ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ካርቶኑ ሳይከፈት ይታይ። ስሙን፣ የሥሪት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን አንብባችሁ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡት። በአገራችን ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብ አለበት። «መመዝገቡን አሳዩኝ» ማለት ነገር ፍለጋ አይደለም።

ሦስተኛ፦ የት ተቀመጠ፣ መቼ ተሟሟ? ማቀዝቀዣውን ማየት ነውር የለበትም። ትናንት ለሌላ ሰው ተሟሙቶ የተረፈ ለእናንተ አይሁን።

አራተኛ፦ ስንት ዩኒት? የአንዱ ፋብሪካ ዩኒት ከሌላው ዩኒት ጋር እኩል አይደለም፤ የቦቶክስ ቁጥር ለዲስፖርት አይሠራም። ስለዚህ ስሙና ቁጥሩ ባንድነት በካርዳችሁ ላይ ይጻፍ። ደግሞም ከንፈርና ጉንጭ የሚሞላው መርፌ ሌላ ነገር ነው። እሱ በስሕተት የደም ሥር ቢገባ ቆዳን ሊያሞት፣ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላልና «ያው መርፌ ነው» የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ውጡ።

አምስተኛ፦ ቢበላሽ ማን ስልክ ያነሣል? የሁለት ሳምንት መመለሻ ቀጠሮ የማይሰጥ ቤት ሥራውን ለማየት አይፈልግም ማለት ነው።

ስድስተኛውና ትልቁ፦ ምን ቢሆን እምቢ ትሉኛላችሁ? ነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባን እናት፣ የጡንቻ ድካም ሕመም ያለበትን፣ መርፌው በሚያርፍበት ቦታ ቁስል ያለበትን ሐኪም ይመልሳል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ቤት ማንንም አይመልስም፤ ማንንም የማይመልስ ደግሞ ሱቅ እንጂ ክሊኒክ አይደለም።

በተለይ ለወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር። የተማረ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ መጠየቅ ያፍራል፤ አላዋቂ እንዳይባል ይፈራል። እኔም ሳሎን ውስጥ ስሳቅብኝ ያፈርሁት ስለዚህ ነው። ነገር ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሚቀረው ሹመት ሳይሆን ዓይን ሊሆን ይችላል። ቢሮ ውስጥ አንድ ወንበር ስንገዛ ሦስት ዋጋ እናሰባስባለን፤ ሰነድ እናመሳክራለን። ለፊታችን ያን ያህል ጥንቃቄ አይበዛበትም። በ20ዎቹ ዕድሜ ላላችሁ ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰው ጥበቃ ሌላ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነ ፀሐይዋ በርትታ ትመታለች፤ ቆዳን ከሚያስረጁት ነገሮች ዋነኞቹም ፀሐይና ሲጋራ ናቸው። ጥላ፣ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሥልክ የማያነሣ ሰው አያስፈልጋቸውም።

ተወግቶ ነገሩ ያልጣመው ቢኖር ደግሞ ይህን ይወቅ። ቆብ መውደቅ ያሳፍራል እንጂ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ቢሆንም ለሐኪም ይታይ። ነገር ግን አንዱ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ንግግር ከተጎተተ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውነት ከዛለ መርዙ እየተሠራጨ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ይህ በማግሥቱም፣ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። መርዙን የሚያከሽፍ መድኃኒት በዓለም ላይ አለ፤ ሕመሙ እንዳይብስ ያቆማል እንጂ የደረሰውን ጉዳት ስለማይመልስ ቶሎ መድረስ ይጠይቃል። የተወጉትን ደብቆ «አሞኝ ነው» ማለት ሐኪሙን ማሳሳት ነው። የወጋችሁ ቤት ስም፣ የመድኃኒቱ ፎቶግራፍና የዩኒቱ ቁጥር በዚያች ሰዓት ከወርቅ ይበልጣሉ።

ሠርጉ አለፈ። አክስቴ በፎቶግራፉ ላይ ግንባራቸው እንዳለ ወጥቷል፤ ሲያለቅሱ የተነሡት ስለሆነ ማንም «ተቆጥተዋል» አላለም። ከሠርጉ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ደወሉልኝ።

«ያ እምቢ ያለኝ ሐኪም ዘንድ ውሰደኝ» አሉ።

«እዚያ ቦሌ ያለው ንጹሕ ቤትስ?»

«እሱማ ገንዘቤን ነው የወደደው» አሉኝ።

ወሰድኋቸው። ካርቶኑ ፊታቸው ተከፈተ፤ ቁጥሩን አነበብሁላቸው፤ ስሙና ዩኒቱ በካርዳቸው ተጻፈ፤ የመመለሻውም ቀን ተቆረጠ። ሐኪሙ እንደ ተናገሩት መስመሩ ለሰለሰ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ባልደረባዬም ይህን ታሪክ ሰምታ የክሊኒኩን አድራሻ ጠይቃኛለች፤ ለመወጋት ይሁን አይሁን አልነገረችኝም፤ ስድስቱን ጥያቄዎች ግን በማስታወሻዋ ጽፋለች። አክስቴን በተመለከተ፣ ባለፈው እሑድ ዘግይቼ ብደርስ ተቆጡኝ። ግንባራቸው ምንም አላለም፤ አፋቸው ግን እንደ ድሮው ነው።